ቤትም እንደ ሰው የዘር ሐረግ አለው



ባለፈው ወር በዚሁ ዓምድ ከወር ደመወዝ ላይ ጥቂት በጥቂት እያስቀሩ ስለ ማጠራቀም መጻፋችን ይታወሳል። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ከመንዝም፣ ከግሼም፣ ከመርሐቤቴም «ያጠራቀምናትን ገንዘብ በምን ላይ እናውላት?» ብለው የጠየቁን ብዙዎች ናቸው። የሚበዙት ጠያቂዎች ሐሳባቸው አንድ ነው። በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ፣ አቅም ያለውም በደብረ ብርሃን፣ አንዲት ትንሽ ቤት ገዝቶ ማከራየት፤ ኪራዩንም ዛሬ ለልጆች ትምህርት፣ ነገ ለጡረታ ማሟያ ማድረግ ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቤት ለመግዛት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ጣራውንና ግድግዳውን፣ የበሩን ጥንካሬና የውሃውን ቅርበት ነው። እኛ ዛሬ ልናስረዳ የምንወደው በዓይን ስለማይታየው ነገር ነው። ይኸውም ቤቱ በእርግጥ የሻጩ መሆን አለመሆኑን ገዢው በራሱ እግር ሄዶ፣ በራሱ ዓይን አይቶ እንዴት ሊያረጋግጥ እንደሚችል ነው።

ምክር ከመስጠታችን አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት ብንናገር ይሻላል። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በአንዲት የደጋ ከተማ ስናስተምር ሳለን፣ ከደመወዛችን ያስቀረነውን ገንዘብ ባለቤታችን በግ እያደለበች ሸጣ ካገኘችው ጋር አዳብለን፣ በመንገድ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ልንገዛ ተስማማን። ሻጩ ረጋ ያሉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ካርታውን በላስቲክ ከተጠቀለለበት ፈትተው አሳዩን። ስማቸው አለበት፤ ማኅተሙም ጉልህ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል አልን። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው በነጭ ወረቀት ውል ተጻፈ፤ ገንዘቡም በእጅ ተቆጥሮ ተከፈለ።

በስምንተኛው ወር አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ከአዲስ አበባ መጣች። የሻጩ እኅት ነበረች፤ አባታቸው አንድ፣ እናታቸው ልዩ ልዩ። ቤቱን የሠሩት ሟቹ አባታቸው ኖረዋል። ወንድምዬው ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብለው የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው፣ ስሙን ወደ ራሳቸው አዛውረው ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ማስረጃው ተሰረዘ። የእኛም ውል የመንደር ውል ስለ ነበረ ሊያድነን አልቻለም። ቤቱን ለቀቅን፤ ገንዘባችንም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ተመለሰ እንጂ ሞልቶ አልተመለሰልንም።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነው። ሟቹ ሴት ልጅ እንዳላቸው የሰፈሩ ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር። በይዞታው ማኅደር ውስጥም ከሻጩ ስም በፊት የአባትየው ስም ተጽፎ ይገኝ ነበር። «ከእርስዎ በፊት የማን ነበረ?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይገለጥልን ነበር። ያልጠየቅነው ይሉኝታ ይዞን ነው። ጥያቄው ሰውየውን ሌባ እንደ ማለት መሰለን። በዚህም ይሉኝታ ራሳችንን ብቻ አልጎዳንም፤ የአባቷን ድርሻ በሩቅ ሆና ልታጣ ለነበረች ሴት፣ ሳናውቀው የበደሏ ተካፋይ ልንሆን ጥቂት ቀርቶን ነበር።

የሚያስገርመው ግን እኛ የተወለድንበት አገር ሰው ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በመንዝ ርስት የሚጠይቅ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ አባቶቹንና እናቶቹን እየቆጠረ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ሐረጉን ማድረስ ነበረበት። ርስት በወንድም በሴትም ወገን ስለሚወርድ፣ በመካከል አንዲት ሴት አያት የተዘለለች እንደ ሆነ ባላጋራው ወዲያው ይይዘው ነበር። ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉት የመንዝ ክፍሎች ስማቸውን ያገኙት ከቀደምት አባቶች ስም እንደ ሆነ ይነገራል። በጓሳ ሣር ላይ የነበረው መብት እንኳ የሚታወቀው አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ በሚወርድ የትውልድ ቆጠራ ነበር። ትውልድ ቆጣሪ ሽማግሌዎች እንደ መዝገብ ነበሩ።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም በኩራት እንናገረዋለን። ነገር ግን አነጋገሩን ከባለርስቱ ወገን ሳይሆን ከገዢው ወገን ሆነን ብናዳምጠው፣ ኩራቱ ቀርቶ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ዛሬ ሕጉ ለክስ የጊዜ ወሰን ቢያበጅም፣ የተረሳ ባለመብት አንድ ቀን መጥቶ በር ሊያንኳኳ ይችላል ማለት ነውና።

አባቶቻችን በቃል ቆጠራ ብቻም አልተወሰኑም። በአገራችን በጥንት ገዳማትና አድባራት የመሬት ስጦታና ሽያጭ በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የምስክሮቹ ዝርዝር፣ ቃሉን በሚያፈርስ ላይም ግዝት አብሮ ይሰፍራል። በጎንደር ዘመን የተጻፉት እንዲህ ያሉ የሽያጭ መዛግብት ዛሬ ለታሪክ ጸሓፊዎች ትልቅ ምንጭ ሆነዋል። መዝገቡ በወንጌሉ ላይ የሚጻፍበት ምክንያት ቅድስናው ብቻ አልነበረም፤ ወንጌሉ የማይጠፋበት፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስፍራ ተቀማጭ ስለ ሆነም ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና።

በመጽሐፍም ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከባ፣ እርሱም በግዞት ሳለ፣ በአናቶት ያለውን እርሻ ከአጎቱ ልጅ ሲገዛ እንዴት እንዳደረገ በምዕራፍ 32 ተጽፏል። ሻጩ ዘመዱ ነበር፤ አገሩም በጦር ተጨንቋል፤ ሆኖም «በዘመዳሞች መካከል ውል ምን ያደርጋል» አላለም። 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ፤ ውል ጻፈ፤ አተመ፤ ምስክሮች አስፈረመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም ቅጂዎች ባሮክ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑሮ እንዲያቆያቸው አዘዘ። ከነቢይ የበለጠ ቅን ሰው ነኝ የሚል ማን ነው? እንግዲህ ውልና መዝገብ መጠየቅ ወዳጅን መጠርጠር እንዳልሆነ ከዚህ ልንማር ይገባናል።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ። ቤትም እንደ ሰው የዘር ሐረግ አለው። መጀመሪያ ማን መራው፤ ማን ሠራው፤ ከማን ወደ ማን በምን ምክንያት ተላለፈ፤ በመካከል ማን ተዘለለ? ገዢው ይህን ሐረግ አንድም ሳይዘልል መቁጠር አለበት። አሠራሩንም በየተራው እንዘረዝራለን።

አንደኛ፤ የሚሸጠው ነገር በሕግ የሚሸጥ መሆኑን መለየት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከግል ባለቤትነት ወጥተዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑንም ደንግጓል። ስለዚህ በከተማ የሚሸጠው በቦታው ላይ ያለው ቤት ከነመጠቀሚያ መብቱ ነው እንጂ አፈሩ አይደለም። የገበሬው መሬት ግን በኪራይ፣ በስጦታና በውርስ በሕጉ መሠረት ይተላለፋል እንጂ በሽያጭ አይተላለፍም። በከተማ ዳርቻ የእርሻ መሬት እየቆረሱ የሚሸጡ፣ ገዢውም በሌሊት ጎጆ የሚያቆምባቸው «የጨረቃ ቤት» የሚባሉት፣ መዝገብ ቢፈለግላቸው መዝገብ የላቸውም። ከርካሽነታቸው የተነሣ ብዙ ድሃ ሰው ገንዘቡን ቀብሮባቸዋል። እንዲሁም ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት እጅ የቆየ የቀበሌ ቤት ለብዙ ዘመን የኖረበት ሰው «ቤቴ ነው» ብሎ ቢሸጠው፣ የተከራይነት ዘመን መርዘም ባለቤት አያደርገውም።

ሁለተኛ፤ ካርታውን ከማኅደሩ ጋር ማስተያየት ነው። ሻጩ በእጁ የያዘው የይዞታ ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ቅጂ ነው፤ ዋናው ታሪክ ያለው በከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ወይም በማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ውስጥ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 መሠረት በአስተዳደር ክፍል የተሰጠ የባለቤትነት ወረቀት የያዘ ሰው እንደ ባለቤት ይቆጠራል። ሆኖም ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1196 ይህ ግምት በማስረጃ ሊፈርስ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። እኛ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን አንብበን ሁለተኛውን ያላነበብን ሰዎች ነበርን።

ማኅደሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ባለይዞታው ፈቃድ ስለማይታይ፣ ከሻጩ ጋር አብሮ መሄድ ይገባል። «ሥራ ስለ በዛብኝ አንተ ቅጂውን ይዘህ ሂድ» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም፣ ሥራው እስኪቀልለት መታገሥ ነው። ማኅደሩ ሲከፈት የሚታየው ይህ ነው። የባለይዞታው ሙሉ ስም ከነአያቱ፤ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ የሚያዋስኑት፤ ቦታው ለመኖሪያ ወይስ ለንግድ የተሰጠ መሆኑ፤ በመጀመሪያ በምን መንገድ እንደ ተገኘ፣ ማለት በምሪት፣ በሊዝ፣ በማኅበር፣ በግዢ ወይስ በውርስ፤ ስሙ የተዛወረበትም እያንዳንዱ ሰነድ ከነቀኑ። ገጾቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መግለጥ ይሻላል፤ የትውልድ ቆጠራም ከልጅ ወደ አባት ነውና። በእጅ ደብተር ላይ ስሞቹንና ቀኖቹን በተርታ መጻፍ ይጠቅማል። በሁለት ስሞች መካከል ምክንያቱ ያልተገለጠ ዝላይ ከተገኘ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ገንዘብና ግንባታ እንዲጠናቀቅበት የተወሰነ ጊዜ መኖሩን መጠየቅ ነው። ነባር ይዞታ ከሆነም፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ ደንግጎ ነበርና፣ በምትገዙበት ጊዜ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ከገዢው ምን እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ተረዱ። ለቤቱ ብቻ የተቆጠበ ገንዘብ ለዚህ ላይበቃ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ዕዳና እግድ ነው። ቤቱ በባንክ ተይዞ ብድር ተወስዶበት እንደ ሆነ፣ መያዣው በዚያው መዝገብ ላይ ሊመዘገብ ይገባል። የተመዘገበ መያዣ ቤቱን ይከተላል እንጂ ሻጩን ተከትሎ አይሄድም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ዕዳው በጊዜው ያልተከፈለ እንደ ሆነ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልጋቸው መያዣውን ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷል። እንዲሁም በክርክር ላይ ያለ ቤት በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ይታገዳል። ስለዚህ ይዞታው ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጥ ደብዳቤ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ደብዳቤው የተጻፈበትንም ቀን ልብ በሉ። የስድስት ወር ደብዳቤ የስድስት ወር ወሬ ነው፤ ውሉ በሚፈረምበት ሳምንት ሊታደስ ይገባዋል። የአገልግሎት ክፍያውንም በደረሰኝ ክፈሉ።

አራተኛ፤ በመዝገብ ላይ ስማቸው ላይታይ የሚችል ባለመብቶችን መፈለግ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዋ የትዳር ጓደኛ ናት። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም በጋብቻ ዘመን የተፈራ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ሻጩ አላገባሁም ወይም ፈትቻለሁ የሚል እንደ ሆነ፣ ይህንኑ የሚያስረዳ ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባል። ፍቺ ካለም የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ማየት ነው።

ሁለተኞቹ ወራሾች ናቸው። ቤቱ በውርስ የመጣ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ቅጂ ጠይቁ፤ ማስረጃውን ወደ ሰጠውም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄዳችሁ የመዝገቡን ቁጥር አመሳክሩ። በማስረጃው ላይ የተጻፉት ልጆች ስንት ናቸው? ጎረቤት የሚያውቃቸውስ ስንት ናቸው? ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ እዚያው ቁሙ። ከደጋው ልጆች ስንቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ስንቱም ወደ ዐረብ አገር ሄዶ እንደ ቀረ እናንተ ታውቃላችሁ። የሩቅ ልጅ ዝም ማለቱ ድርሻውን መተዉ አይደለም።

ሦስተኛው በውክልና የሚሸጥ ሰው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል፤ «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ቃል አይበቃም። ውክልናው የተሻረ እንዳይሆን ወደ ሰጠው ክፍል ሄዶ መጠየቅ፣ ወካዩም በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያልፋልና።

አምስተኛ፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቦታው መሄድ ነው። ሜትር ይዛችሁ አራቱን ማዕዘን ለኩ፤ በካርታው የተጻፈው 200 ካሬ ሆኖ አጥሩ የከበበው 260 ቢሆን፣ ትርፉ 60 የእናንተ በረከት ሳይሆን የነገ ክርክራችሁ ነው። በየአዋሳኙ ቤት አንኳኩታችሁ ሰላምታ ስጡ፤ «ጎረቤት ልንሆን ነውና ወሰናችንን አሳዩን» በሉ። ይህን ጊዜ ቡና ይፈላል፤ ቡናውም ሲፈላ የቤቱ ታሪክ ይወጣል። የውሃ መሄጃው በማን በኩል እንደ ሆነ፣ በግቢው መካከል የሚያልፍ የቆየ መተላለፊያ መኖሩን፣ ከቤተ ክርስቲያን ይዞታ ጋር የሚያዋስነው እንደ ሆነም ወሰኑ የት እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። የዕድሩ ዳኛ ከደላላው ይልቅ ያውቃሉ። ደላላ ቤቱ ሲሸጥ የሚከፈለው ሰው ስለ ሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ስድስተኛ፤ ምርመራው ያለቀው ውሉ ሲፈረም አይደለም። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ሥልጣን ባለው ክፍል ፊትም እንዲመዘገብ ያዛል። በቁጥር 1185 ባለቤትነቱ የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በመጻፍ እንደ ሆነ፣ በቁጥር 2878ም ያልተመዘገበ ሽያጭ ለሦስተኛ ወገን መቃወሚያ እንደማይሆን ተደንግጓል። ውሉን በሕጋዊ ክፍል ፊት ተፈራርሞ፣ ገንዘቡን በባንክ በኩል ከፍሎ፣ ስሙን ሳያዛውር የተቀመጠ ሰው በራሱ ቤት የእንግዳ ያህል ነው። ሻጩ በመካከሉ ቢሞት ወይም ያንኑ ቤት ለሌላ ቢሸጥ፣ ክርክሩ ከባዶ ይጀምራል።

የገጠር ዘመዶቻችሁ መሬት ለመከራየት ወይም በስጦታ ለመቀበል ሲነሡም መንገዱ ያው ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ ገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጥቶታል። በደብተሩም የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ ሆኗል፤ ኋላም በብዙ ወረዳዎች የማሳው ካርታ ተጨምሮበታል። ዋናው ጽሑፍ ግን ከደብተሩ ይልቅ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ባሕር መዝገብ ላይ ያለው ነው። በቀበሌ የመሬት ኮሚቴ ፊት ያልታየ፣ በመዝገቡም ያልሰፈረ የኪራይ ውል በኋላ ለክርክር የተጋለጠ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ጎጆ ነውን?» ሊለን ይችላል። በሌላው ዓለም ሥራው በብዙ ቀልሏል። በደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1858 በወጣ ሕግ መዝገቡ ራሱ የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲሆን ተደረገ፤ ሥርዓቱም በብዙ አገሮች ተወርሷል። በእንግሊዝ አገር የመሬት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1990 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆኗል፤ ጥቂት ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የቤቱን ባለቤት ማወቅ ይችላል። በአሜሪካም በየአውራጃው መዝገብ ቤት ሄዶ የቤቱን የባለቤትነት ሐረግ ከሻጭ ወደ ሻጭ ወደ ኋላ መቁጠር የተለመደ ነው፤ ባለሙያ ሳይቀጥሩ ራሳቸው የሚያደርጉትም አሉ። ምሁሩም ገበሬውም ቢሆን ሥራው አንድ ነው፤ መንዜው አያቱን እንደ ቆጠረ እነርሱም ሻጮችን ይቆጥራሉ። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ይኸው ክፍል ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ወደ ፊት በሚወጣ ትእዛዝ እንዲወሰን ስለ ተወው፣ የማዘጋጃ ቤቶች ማኅደር በቦታው ሲያገለግል ኖረ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ መለያ ኖሮት በካዳስተር እንዲመዘገብ አዝዟል። ይህ ሥራ በየትንንሹ ከተማ ደርሶ እስኪጠናቀቅ ድረስ ግን ገዢው በራሱ እግር መሄዱ የማይቀር ነው።

የጀመርነውን የራሳችንን ታሪክ እንጨርስ። ከመጀመሪያው ጥፋት አምስት ዓመት ቆይተን፣ ገንዘባችንን እንደ ገና አጠራቅመን፣ በሌላ ከተማ ሌላ ቤት አገኘን። በዚህ ጊዜ ገና ዋጋ ሳንነጋገር ሻጩን «አይቀየሙን፤ ከእርስዎ በፊት የማን እንደ ነበረ በማኅደሩ ማየት እንወዳለን» አልናቸው። እጅግ ስንፈራው የነበረው ቁጣ አልመጣም። «እንዲያውም ደስ ይለኛል» አሉ። ማኅደሩን ስንገልጥ የባንክ መያዣ ተመዝግቦበት አገኘን። ሻጩም አልደበቁንም፤ ልጃቸውን ለማሳከም የተበደሩት ነበር። ከዋጋው ላይ ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ከፍለን፣ የመያዣ መሰረዣው ደብዳቤ ወደ ማኅደሩ ከገባ በኋላ፣ የቀረውን ለእሳቸው በባንክ አስረከብን። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው በፊርማው ቀን ነበሩ። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ስም ዝውውር ሁለት ወር ያህል ፈጀ። ያ ቤት ዛሬ በኪራይ ላይ ነው፤ የታላቋን ልጃችንን የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ከሻጩም ጋር በየበዓሉ እንጠያየቃለን።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፣ ምርመራ ሁልጊዜ ግዢን የሚያፈርስ አይምሰላችሁ። ለእውነተኛ ሻጭ ክብሩ ነው፤ ለሐሰተኛው እንቅፋቱ ነው፤ በሩቅ ላለው ወራሽም ጠበቃው ነው። ያቺ ሕፃን አዝላ የመጣች ሴት በፍርድ ቤቱ ደጅ ስትሰናበተን፣ «እናንተን አላማርርም፤ ግን አንድ ሰው እንኳ ስለ እኔ ሳይጠይቅ መቅረቱ ገረመኝ» ብላን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት ለመግዛት የሚያማክረንን ሰው ሁሉ ስለ ዋጋው ከመጠየቃችን በፊት፣ በእጅ ደብተሩ ላይ የጻፋቸውን ስሞች እንዲያነብልን እንጠይቀዋለን። የተዘለለ ስም ያለ ከመሰለን፣ መልሰን ወደ ማኅደሩ እንልከዋለን።